ስሙ የተሸፈነ ጠርሙስ
የቦርዶ የቆየ ቀይ ወይን ጠጅ ቅምሻና የመለኪያ ጥያቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ የሚያውቃቸው የዕቃ ፈተናዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዕቃውን ሳይጎዳ የሚመረምር ነው፤ ሁለተኛው ዕቃውን ሰብሮ ጥንካሬውን የሚያውቅ ነው። የኮንክሪት ናሙና በመጫኛ መሣሪያ ተጨፍልቆ ሲሰበር የሚገኘው ቁጥር እውነተኛ ቢሆንም ያ ናሙና ዳግመኛ ለምንም አይውልም። የቆየ ወይን ጠጅም ከዚሁ ወገን ነው። ቡሹ እስኪነቀል ድረስ በውስጡ ያለው በርግጥ አይታወቅም፤ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መዓዛው ይጠፋል። ሠላሳና አርባ ዓመት የተጠበቀው ነገር ፍርድ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፈረንሳይ አገር የቦርዶን የቆየ ቀይ ወይን ጠጅ እየቀመሱ የሚያነጻጽሩ ወዳጆች ይህን ችግር የሚወጡበት ዘዴ፣ ወይን ጠጅ ለማይጠጣ ባለሙያ እንኳ የሚጠቅም ትምህርት አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

፩. ምድሩና ጠጁ

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጋሮን ወንዝ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉት ወንዞች ከከተማይቱ በስተሰሜን ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ ውሃ ያበጃሉ። ከውሃው በስተግራ ያለው የሜዶክ ምድር ጠጠር የበዛበት ነው። ጠጠሩ የዝናብ ውሃን ቶሎ ስለሚያሰርግና የቀኑን ሙቀት ስለሚይዝ፣ ዘግይቶ ለሚበስለው ለካቤርኔ ሶቪኞን ይስማማል። በስተቀኝ በኩል በሴንት ኤሚልዮንና በፖምሮል ሸክላማና የኖራ ድንጋይ ያለበት መሬት ስለሚበዛ፣ ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ ይመረጣል። የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዘር ሳይሆን የድብልቅ ውጤት ነው።

ጭማቂው ተብላልቶ ካበቃ በኋላ 225 ሊትር በሚይዝ የባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀመጥና ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል። የአንዱ በርሜል ይዘት 300 ጠርሙስ ይሞላል። አዲሱ ጠጅ ከወይኑ ልጣጭና ከውስጥ ፍሬው በወጣው ታኒን የተነሣ፣ እንደ ጠነከረ ሻይ ወይም እንዳልበሰለ ሙዝ አፍን ጨምድዶ ይይዛል። በዘመን ብዛት ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ትላልቅ ሞለኪውሎች ይሆናሉ፤ ከፊላቸውም በጠርሙሱ ግርጌ እንደ አምቡላ ይዘቅጣሉ። በዚህ ጊዜ የጠጁ መልክ ከሐምራዊ ወደ ቀይ፣ ከቀይም ወደ ጡብ መልክ ይሸጋገራል። የትኩስ ፍሬ ሽታው እየራቀ ይሄድና የእርሳስ እንጨት፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የቆዳና የእርጥብ አፈር መዓዛ ይተካዋል።

ይህን ለውጥ የሚቆጣጠሩት ቡሹና የማከማቻው ሙቀት ናቸው። ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ቡሽ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሆነው የጠርሙስ አንገት ተጨምቆ ይገባል። ጠርሙሱም ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ተጋድሞ፣ ሙቀቱ 12 ወይም 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ጨለማ ምድር ቤት ይቀመጣል። ሙቀቱ ከፍ ካለ ለውጡ ይፈጥናል፤ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ጠጁ እየሰፋና እየጠበበ ቡሹን ያደክመዋል። ስለዚህ ከአንድ እርሻ፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ በርሜል የወጡ ሁለት ጠርሙሶች ከአርባ ዓመት በኋላ ሁለት የተለያዩ መጠጦች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። በቅምሻው ጠረጴዛ ላይ የሚመዘነው እንግዲህ የእርሻው ዝና ሳይሆን ያ አንድ ጠርሙስ ነው።

፪. የቅምሻው ሥርዓት

ቅምሻው ሁለት ዓይነት አሰላለፍ አለው፤ ስማቸውም ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ አይደለም። አቀባዊ የሚባለው የአንድን እርሻ ጠጅ በልዩ ልዩ ዓመታት፣ ለምሳሌ የ1961ን፣ የ1970ን፣ የ1975ንና የ1982ን አሰልፎ ማነጻጸር ነው። እርሻው አንድ በመሆኑ የሚታየው ልዩነት የአየሩና የዕድሜው ነው። አግድም የሚባለው ደግሞ የአንድን ዓመት ጠጅ ከልዩ ልዩ እርሻዎች፣ ከፖያክ፣ ከማርጎ፣ ከሴንት ዡልየንና ከሴንት ኤስቴፍ ሰብስቦ መመዘን ነው። እዚህ ላይ ዕድሜው አንድ ስለሆነ የሚለየው ምድሩና የሠሪው እጅ ነው። በሁለቱም ዘንድ ደንቡ አንዱን ተለዋዋጭ አስሮ ሌላውን መፍታት ነው።

የቀማሾቹንም ቁጥር የሚወስነው ሒሳብ ነው። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በ1977 የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የመቅመሻ ብርጭቆ መለኪያ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር እንዲቀዳ ያዝዛል። ከግርጌ ያለው ዝቃጭ ሲቀነስ አንዱ ጠርሙስ ለዐሥራ ሁለት ሰው ገደማ ይበቃል። አንድ የቆየ ጠርሙስ ብቻውን ከአንድ ደመወዝተኛ አቅም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዳጆቹ እንደ ጽዋ ማኅበርተኞች ወጪውን ይካፈላሉ፤ ወይም እያንዳንዱ ከየማከማቻው አንድ አንድ ይዞ ይመጣል። የሚቀርበው የሰው ሀብትና የብዙ ዓመት ትዕግሥት በመሆኑ የሥርዓቱ ጥብቅነት ከዚህ ይመነጫል።

ጠርሙሱ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ዝቃጩ ወደ ግርጌ ይወርዳል። ከመከፈቱ በፊት የጠጁ ከፍታ ይታያል። አንገቱ ድረስ የሞላ ከሆነ ቡሹ በደኅና ጠብቆታል፤ ወደ ትከሻው አጋማሽ ከወረደ ግን አየር ገብቶበታል ተብሎ ይጠረጠራል። ከዚያም በሻማ ወይም በፋኖስ ብርሃን ፊት ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ ደለሉ ወደ አንገቱ ሲደርስ ማፍሰሱ ይቆማል። በጣም ያረጀው ጠጅ በአየር ቶሎ ስለሚደክም ከመጠጫው ሰዓት ብዙ አስቀድሞ አይገለበጥም።

ዋናው ነገር ግን መሸፈኑ ነው። ጠርሙሶቹ በጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቀለላሉ፤ ቁጥርም ይሰጣቸዋል። ቀማሾቹ ዝም ብለው መልኩን ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ በአፋቸው አዙረው ይተፋሉ፣ ያስተዋሉትንም ይጽፋሉ። ነጥብ ከሃያ ይሰጣል። ማንም የጻፈውን ሳያስረክብ አስተያየቱን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ በዕድሜ ወይም በዝና የላቀ አንድ ሰው ቀድሞ ከተናገረ የዐሥራ ሁለት ሰው ምስክርነት የአንድ ሰው ምስክርነት ይሆናልና። መሸፈኛው የሚገፈፈው ወረቀቱ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ ነው።

፫. ስም በምላስ ላይ ያለው ሥልጣን

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ በቦርዶ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1855 በፓሪስ ለተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት የቦርዶ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይን ጠጆች በአምስት ማዕርግ ከፍለው አቀረቡ። መሠረት ያደረጉት በዚያ ጊዜ የተደረገ ቅምሻን ሳይሆን ጠጆቹ በገበያ ለረዥም ጊዜ ያወጡትን ዋጋ ነበር። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና፣ ከሜዶክ ውጭ የሆነው ኦ-ብሪዮን የመጀመሪያውን ማዕርግ ያዙ። ከዚያ ወዲህ በማዕርጎቹ መካከል የተደረገው ዝነኛ ዝውውር በ1973 ሙቶን-ሮትሺልድ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ከፍ ማለቱ ነው። ዋጋ ማዕርግን ሰጠ፤ ማዕርጉም በተራው ዋጋን ደግፎ አቆመ።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ በፓሪስ ዘጠኝ የፈረንሳይ ዳኞችን ሰብስቦ፣ አራት የቦርዶ ቀይ ጠጆችን ከስድስት የካሊፎርኒያ ጠጆች ጋር ሸፍኖ አቀረበላቸው። የካሊፎርኒያው የ1973 ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጣ፤ የ1970 ሙቶን ሁለተኛ ሆነ። ተቃዋሚዎች የቦርዶ ጠጅ ገና ወጣት ስለሆነ ዘመን ይፍረድ አሉ። ዘመኑ ፈረደ። በ2006 እነዚያው ጠጆች በለንደንና በካሊፎርኒያ በአንድ ቀን ሲቀመሱ የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ አንደኛ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቦታዎች የያዙትም የካሊፎርኒያ ጠጆች ሆኑ።

ሆኖም ቁጥር የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል። በ1976 የዘጠኙ ዳኞች ድምር ለአሸናፊው 127.5፣ ለተከታዩ 126 ነበር። ልዩነቱ ለአንድ ዳኛ ሲከፈል ከሃያው ነጥብ ውስጥ የአንድ ነጥብ ስድስተኛ ነው። በእንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት አንደኛና ሁለተኛ ብሎ መለየት የመሣሪያውን ትክክለኛነት ማወቅን ይጠይቃል፤ መሣሪያው ደግሞ የሰው አፍ ነው።

ይህ መሣሪያ ተፈትኗል። በ2001 የታተመ የሞሮ፣ የብሮሼና የዱቡርዲዩ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ለ54 ቀማሾች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ሲቀርብላቸው፣ መዓዛውን የገለጹት ለቀይ ጠጅ በሚነገሩት ቃላት ነው። ዐይን አፍንጫን አዘዘው ማለት ነው። ከ2005 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ሮበርት ሆጅሰን በካሊፎርኒያ ግዛት የወይን ጠጅ ውድድር ላይ ባደረገው ጥናት ደግሞ፣ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ጠጅ ለየዳኛው ሦስት ጊዜ በሥውር ቀረበ። ፍርዳቸው በአንድ የሜዳልያ ደረጃ ውስጥ የጸናው ከዐሥር ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። መሸፈኑ አድልዎን ያስወግዳል እንጂ የመለኪያውን መዋዠቅ አያስወግድም። ጠንቃቃ ቡድኖች አንዱን ጠጅ ሁለት ጊዜ በተለያየ ቁጥር የሚያቀርቡት ስለዚህ ነው፤ ለአንዱ ጠጅ ሁለት የተራራቁ ነጥቦች የሰጠ ቀማሽ በዚያ ቀን የሰጠው ፍርድ ሁሉ በጥንቃቄ ይነበባል።

፬. ሐሰተኛው ጠርሙስ

የስም ሥልጣን ወደ ማታለል የሚያደርስበትም ጊዜ አለ። በታኅሣሥ 1985 በለንደን ክሪስቲ በተባለው የሐራጅ ቤት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ንብረት ነበር የተባለ የ1787 ላፊት በ105,000 ፓውንድ ተሸጠ። ያቀረበው ሃርዲ ሮደንስቶክ የተባለ ጀርመናዊ ሰብሳቢ ነበር። ከነዚሁ ጠርሙሶች አራቱን የገዛው አሜሪካዊው ባለሀብት ቢል ኮክ በኋላ ምርመራ አስጀመረ።

ምርመራው ለመሐንዲስ የሚያስደስት ነው። የቦርዶው የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ ዩቤር ጠርሙሱን ሳይከፍት ሲዝየም 137 የተባለውን ጨረራማ ንጥረ ነገር የሚፈልግበት ዘዴ ነበረው። ይህ ንጥረ ነገር በአየር የተሠራጨው ከአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታዎች በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በታሸገ ጠጅ ውስጥ አይገኝም። በኮክ ጠርሙስ ሲዝየም አልተገኘም። ይህ ግን ጠጁ ከቦምቡ ዘመን በፊት የታሸገ መሆኑን እንጂ የ1787 መሆኑን አላረጋገጠም፤ እያንዳንዱ ፈተና የሚመልሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነውና። ፍንጩ የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በመስተዋቱ ላይ የተቀረጹትን የጀፈርሰን ስም ፊደላት የመረመሩ ባለሙያዎች በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀረጹ ናቸው አሉ። ሮደንስቶክ ክሱን እንዳስተባበለ በ2018 ሞተ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው ግን ታላላቅ የተባሉ ቀማሾች ሮደንስቶክ በሚያዘጋጃቸው ግብዣዎች ላይ ያቀረበላቸውን ጥንታዊ ጠጅ ማድነቃቸው ነው። የ18ኛው መቶ ዓመት ጠጅ ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው በሕይወት የነበረ ማንም አስተማማኝ ማነጻጸሪያ አልነበረውም። ማነጻጸሪያ በሌለበት ቦታ ምላስ የሚናገረው መለያ ወረቀቱ የነገረውን ነው።

፭. ከቅምሻው ጠረጴዛ የሚገኘው ትምህርት

ነገሩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። መሠረቱ ቦርዶ የሆነው የካስቴል ድርጅት በዝዋይ አጠገብ ሜርሎና ካቤርኔ ሶቪኞን ተክሎ፣ ከ2014 ጀምሮ ጠጁን ለገበያ አቅርቧል። የእነዚህ ወይኖች እርጅና ገና የሚታይ ነው። የዛሬው ጠርሙስ በሃያ ዓመት ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚፈልግ፣ ዛሬ ማስቀመጥና ዛሬ መጻፍ አለበት፤ የኋላው ቀማሽ የሚያነጻጽርበት መዝገብ ከሌለው የሚቀረው ዝና ብቻ ነው። የአገራችን የቡና ቀማሾችም ከየፍንጃሉ በማንኪያ እየሳቡና እየተፉ ጉድለትን ከደኅና ሲለዩ፣ ሥራቸው የቦርዶው ጠረጴዛ ወንድም ነው።

ክቡራን አባላት፤ የጨረታ ሰነድ የሚመረምር፣ የብረትና የሲሚንቶ ናሙና የሚቀበል፣ በሥራ ርክክብ ላይ የሚፈርም ባለሙያ ሁሉ በየዕለቱ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ ይቀርብለታል። ስሙ ታላቅ ሊሆን፣ ዋጋውም ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። የቦርዶ ወዳጆች ልማድ ግን ስሙን መናቅ አይደለም። መሸፈኛው ሲገፈፍ ታላቁ ስም ብዙ ጊዜ ታላቅ ሆኖ ይገኛል፤ ደስታቸውም ያን ጊዜ እጥፍ ነው፤ ክብሩ በሰሚ ሳይሆን በምስክር ተረጋግጧልና። ልማዳቸው ሦስት ነገር ነው፦ ስሙን መሸፈን፣ ያገኙትን ከመስማታቸው በፊት መጻፍ፣ የራስንም መለኪያ ደጋግሞ መፈተን። ድልድይ ግን እንደ ጠርሙስ ተከፍቶ የሚቀመስ አይደለም፤ ፍርዱ ከተሳሳተ የሚከፍለው ቀማሹ ሳይሆን በላዩ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለዚህ ለጠጅ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ሕይወት ቢያንስ ሊያሳፍር ይገባል።