ፕሮግራሟ ገጹን ለምን አጣችው?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሕመምና ስለ ሕክምናዋ ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፥ በፊደላችን ተጠቅሞ በኮምፒዩተር የሚሠራ ኹሉ አንድ ቀን ያገኘዋል።

ምሳሌያችንን ከቄራ እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከተማው የከብት ማረጃ እንደ ኾነ ታውቃላችሁ። በዚያ ያሉ ባለልኳንዳዎች በዎርድፕሬስ አንድ ገጽ ከፍተው፥ «በቄራ የዛሬ የበሬ የበግና የፍየል ሥጋ የችርቻሮ ዋጋ» የሚል ርእስ ሰጡት እንበል። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የጽሑፍ ማሳተሚያ ፕሮግራም ነው። ዋጋውን በየማለዳው በእጅ ከመለወጥ ይልቅ፥ በዚያው ሰርቨር ላይ ከዎርድፕሬስ ጎን የምትሠራ አንዲት ስክሪፕት አስጻፉ። ሥራዋ ከስልክ የተላከውን ዋጋ ተቀብላ፥ ከርእሱ አድራሻ ሠርታ፥ ገጹን በአድራሻው ፈልጋ አሮጌውን ዋጋ በአዲሱ መተካት ነው።

ነገር ግን ገጹ አይታደስም። በፈንታው በየማለዳው አዲስ ገጽ ይወለዳል፤ በአድራሻውም መጨረሻ 2፥ 3፥ 4 እየተባለ ቍጥር ይቀጠላል። የቀድሞውን አድራሻ የያዘ ደንበኛ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ አንብቦ ይመጣና ከባለልኳንዳው ጋራ ይጣላል። ውሸታም የሚባለው ነጋዴው እንጂ ስክሪፕቷ አይደለችም።

በዚህ ጊዜ «አማርኛ ለኮምፒዩተር አይመችም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ ነው። እኛ በተራ እንመርምር።

በመጀመሪያ ስክሪፕቷን አቁመን ገጹን እንክፈት። በደንብ ከተከፈተ ዎርድፕሬስ ደኅና ነው። ቀጥሎ ስክሪፕቷን ብቻዋን አስነሥተን የሥራ መዝገቧን እናንብብ። «ገጹ አልተገኘም፤ አዲስ ተፈጠረ» ካለች፥ ሕመሙ ከመጻፉ ሳይኾን ከመፈለጉ ላይ ነው። በሦስተኛው፥ የምትፈልገውን አድራሻና በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ጎን ለጎን አትመን ርዝመታቸውን እንቍጠር። አንዱ 241 ምልክት፥ ሌላው 195 ምልክት ኾኖ እናገኘዋለን።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ በገጽ አድራሻ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የላቲን ፊደል በ1 ምልክት ሲያልፍ፥ የእኛ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይኾናል። ዎርድፕሬስ ለአድራሻው የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው። ይህ ለላቲን ጸሐፊ ሰፊ ቤት ሲኾን፥ ለእኛ ግን ከ22 ፊደል በላይ አይይዝም። ርእሳችን 26 ፊደልና በቃላቱ መካከል የሚገቡ 7 ሰረዞች ስላሉት «የችርቻሮ» ላይ ሲደርስ «የች» ብሎ ተቈረጠ። ስክሪፕቷ ሙሉውን ትፈልጋለች፤ በዳታቤዙ ያለው ቍራጩ ነው።

ርዝመቱ ከታረመም በኋላ ኹለት ወጥመዶች ይቀራሉ። አንደኛው፥ ዎርድፕሬስ የባይቶቹን ምልክት በትንንሽ የላቲን ፊደል ሲያስቀምጥ፥ ስክሪፕቷ የተጻፈችበት ቋንቋ በትልልቁ ሊጽፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኹለቱ ሲነጻጸሩ አይገጥሙም። ኹለተኛው የራሳችን ነው። ዛሬ «ሥጋ»፥ ነገ «ስጋ» ብለን እንጽፋለን። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሠ እና ሰ የተለያየ ቍጥር ስላላቸው ኹለት ቃላት ናቸው።

መድኃኒቱ፥ ገጹን በስሙ ሳይኾን ዎርድፕሬስ በሚሰጠው መለያ ቍጥር መፈለግ ነው። ስም ይቈረጣል፥ አጻጻፉም ይለያያል፤ መለያ ቍጥሩ ግን ርእሱ ቢለወጥ እንኳ አይለወጥም። የዎርድፕሬስን የራሱን ፋይሎች ግን አንንካ፤ በሚቀጥለው እድሳት የጻፍነው ይደመሰሳልና። አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል መተካትም፥ አድራሻ ከርእስ የምትሠራን ስክሪፕት አያድናትም።

ጓደኞቻችን፤ 200 ምልክት ይበቃል ያሉት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ የቈጠሩት በራሳቸው ፊደል ነው። እኛም በራሳችን ፊደል እንቍጠር። ከእጃችን የሚወጣ ፕሮግራም ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት በረጅም የአማርኛ ርእስ ይፈተን፤ በሥጋም በስጋም ይፈተን። ይህን ካላደረግን የሚከፍለው እኛ ሳንኾን በቄራ ደጃፉን ከፍቶ ደንበኛ የሚጠብቀው ሰው ነው።