ስለ መጽሐፍ ኅዳግና ስለ ማስታወሻ ደብተር



በጅቡቲ ከተማ መካከል የሚገኘው አደባባይ ዛሬ የሚጠራው የአገሪቱ ነጻነት በታወጀበት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው፤ ቀድሞ ግን ሜኔሊክ አደባባይ ይባል ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የተጀመረው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ያች ከተማ ለኢትዮጵያ ዋና የባሕር በር ሆና ብዙ ዘመን ኖራለች። በበሩም ያለፈው ቡናና ቆዳ ብቻ አይደለም።

በ1933 መጀመሪያ አንድ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ እዚያ ከተማ ደረሰ። ጓዱ በ1931 ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋረጠ ሲሆን፣ አለቃው ማርሴል ግሪዮል፣ ጸሓፊው ሚሼል ሌሪስ ነበሩ። ሌሪስ የዋለበትን ሳይጽፍ የማያድር ሰው ነበር። በጎንደር ግን፣ ጓዱ በ1932 አምስት ወር ያህል በተቀመጠበት ከተማ፣ ብቻውን አልሠራም፤ ሊቁ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አብረውት ነበሩ። ሁለቱ ወደ ወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት እየተመላለሱ ስለ ዛር የሚባለውንና የሚደረገውን ይመረምሩ ነበር። አባ ጄሮም የሰሙትን በአማርኛ በደብተር ይጽፋሉ፤ ኋላም ሁለቱ ተቀምጠው ያነቡታል፣ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሱታል፣ ያልተገለጠላቸውንም ለይተው ደግመው ይጠይቃሉ።

ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን በ1934 ብዙም ሳይነካው መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የጎንደርን ዛር የሚመለከተው ጥናቱ ግን የታተመው በ1958 ነው። ከነገሩ እስከ መጽሐፉ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ነገሩን ሕያው አድርጎ ያቆየው የደብተሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ሁሉ ከተጻፈ በኋላ እንደገና የተነበበ፣ የተተረጐመና የተጠየቀ መሆኑ ነው። ለሁለቱ ሰዎች መጻፍ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም።

ያ ጓድ ከኢትዮጵያ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ይዞ ሄዶአል፤ ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። (በጉዞው ሁሉ የተሰበሰበው ዕቃ በሙሉ በቅን መንገድ የተገኘ እንዳልሆነ የሌሪስ ማስታወሻ ራሱ ይመሰክራል። ማስታወሻ አንዳንድ ጊዜ በጸሓፊው ላይም ምስክር ሆኖ ይቆማል።)

የብራና መጽሐፍ እንደ ልብ የሚጻፍበት ነገር አይደለም። ዋጋው ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ንብረትነቱ የደብር ነው፤ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃልም በብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ ኅዳጉ ባዶ አይደለም። በመዝሙረ ዳዊት ኅዳግ ዘሰኑይ፣ ዘሠሉስ እየተባለ የየዕለቱ ንባብ ይለያል። በአንዳንዱ መጽሐፍ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶ አንባቢው የሚፈልገውን ስፍራ በቀላሉ ያገኛል። የተዘለለ ቃል ከመስመሩ በላይ በረቂቅ ጽሕፈት ይገባል። የቀድሞ አንባቢዎች መጽሐፍን ያከብሩ ነበር፤ አክብሮታቸው ግን እንዳይጠቀሙበት አላደረጋቸውም።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው የድጓው ምልክት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገረው ይህ ምልክት፣ ከቃሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፍ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ነው። ፊደሉ ራሱ ዜማውን አይገልጥም፤ ዜማው አስቀድሞ የታወቀ የሌላ ቃል ምሕጻር ነው። ያን ቃል ከነዜማው ያጠና መሪጌታ ፊደሉን ባየ ጊዜ ዜማው በአንደበቱ ላይ ይመጣለታል። ያላጠናው ግን፣ የግዕዝ ዐዋቂ እንኳ ቢሆን፣ ፊደሉን ያነበዋል እንጂ ሊያዜመው አይችልም። ድጓ ያለ ተማሪ ቤቱ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ምልክቱ አብሮት ይሄዳል፤ ዜማው ግን ባጠኑት ዘንድ ይቀራል።

በዛሬው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ አርእስቱ በቀይ ተሰምሮበታል፤ የመምህሩም ፊርማ አለበት። ተማሪው ግን የገለበጠውን ዝጋና ንገረኝ ቢባል ዝም ይላል። ዐይኑ ከሰሌዳው፣ እጁ ከወረቀቱ ጋር ሲነጋገሩ ልቡናው በመካከላቸው አልነበረም። መጽሐፍ የራሱ የሆነለት ተማሪም ቢሆን ገጹን ሁሉ እያሰመረ ይሄዳል፤ ሁሉም ከተሰመረበት ምንም እንዳልተሰመረበት ነው።

በአሜሪካ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ከተማሪዎች ከፊሎቹ አንድን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ከመቶ በ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገላበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት 56 ከመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 ብቻ አስታወሱ። ደንሎስኪና ባልደረቦቹም በ2013 ዐሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ማስመርን ጥቅማቸው አነስተኛ ከሆኑት፣ ራስን መፈተንን ከፍተኛ ከሆኑት መድበውታል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የተነገረውን ቃል በመምህሩ ፊት ሳያይ ማለት ግዴታው ነበር። ይህን ሥርዐት ጭፍን ቃል መሸምደድ ነው እያሉ ሙሉ በሙሉ የናቁት ሰዎች ከውስጡ የሚበጀውን ክፍል አብረው ጥለውታል።

የመማሪያው መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ከሆነ ለከርሞ ተማሪ የሚተላለፍ ነውና ኅዳጉ አይነካም፤ ለተማሪው የሚቀርለት ኅዳግ ደብተሩ ነው። ደብተሩም ሲከፈት ሁለት ገጽ አለው። በቀኙ ገጽ ከሰሌዳ የተገለበጠው ይጻፍ፤ ግራው ባዶ ይቆይ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጽሐፍና ደብተር ይዘጋ፤ ተማሪው የትምህርቱን ነገር ለአንድ አፍታ በልቡ ይመልስ፤ ከዚያም ቀኙን ገጽ በወረቀት ሸፍኖ በግራው ላይ ያስታወሰውን በራሱ ቃል፣ ያልገባውንም በጥያቄ መልክ ይጻፍ። ጽሕፈቱ ባያምር፣ ቃሉ ቢሰረዝ አይቀጣ። የሚቀጥለው ትምህርት ከዚያ ገጽ ይጀምር።

ስድሳ ተማሪ ያለበት መምህር ይህን ሁሉ ማንበብ አይችልም፤ ማንም ሊጠይቀው አይገባም። በየቀኑ አምስት ደብተር ሳያስታውቅ መርጦ ቢመለከት፣ የቀሩትንም ተማሪዎቹ ተለዋውጠው እንዲያነቡ ቢያደርግ ይበቃል። በቄስ ትምህርት ቤትም የታናናሾቹን ንባብ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ታላላቆቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ መምህሩ የሚሰማው የከበደውን ነበር።