ታፍኖ ለተወለደ ሕፃን የመጀመሪያው እስትንፋስ

(ለደጋፊ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከስብሰባው በፊት አንዲት እናት መጥተው፣ «የሴቶች ማኅበራችን ለማዋለጃ ክፍላችሁ የኦክስጅን ሲሊንደር ሊገዛ ገንዘብ አሰባስቧል፤ ስንት ይበቃችኋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ ልባቸው እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። መልሴን ግን ሁላችሁም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ እዚህ አመጣሁት።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የተማርሁት፣ ሕፃን ታፍኖ ሲወለድ ያለውን ኦክስጅን ሁሉ መስጠት ነው። አየር ላጣ ኦክስጅን መስጠት ምን ክፋት አለው? ለብዙ ዓመታት በሌላውም ዓለም የሚሠራው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በመጠለያ ያገለገላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ብዙ ቀን የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድለው ይችላል። ወተቱን በልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የምንሰጠው።

የታፈነ ሕፃን አንጎልም ከዚህ ብዙ አይለይም። ኦክስጅን ሲቋረጥበት የኃይል ስንቁን ይጨርሳል፤ ሃይፖዛንቲን የሚባል ቅሪትም በሰውነቱ ይከማቻል። በዚህ ላይ ንጹሕ ኦክስጅን በድንገት ሲጎርፍ የአንጎልን ሴሎች የሚያቆስሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። ጉዳቱ ደግሞ ሕፃኑ ሲያለቅስ አያበቃም። «ተረፈ» ብለን እልል ካልን ከሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ የሚጀምር አለ፤ አንጎሉ ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳልና። ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ይህን ሊያባብሰው ይችላል።

ኖርዌያዊው የሕፃናት ሐኪም ኦላ ሳውግስታድ ይህን ለዓመታት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በልዩ ልዩ አገሮች በ609 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት አወጡ፤ ከፊሎቹ 100 ከመቶ ኦክስጅን፣ ከፊሎቹ ይህን ሁላችን የምንተነፍሰውን፣ 21 ከመቶ ኦክስጅን ያለበትን አየር ተሰጣቸው። በአየር የታገዙት ቀድመው ተነፈሱ። ቆየት ብሎም ልዩ ልዩ ጥናቶች በአንድነት ሲመዘኑ፣ በአየር ከታገዙት የሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከ2010 ጀምሮ ዓለም አቀፉ መመሪያ ጊዜው ደርሶ ለተወለደ ሕፃን በአየር ጀምሩ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ይህንኑ አጽንቷል።

ለሠራተኞቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ሕፃኑ መልኩ ስላልቀላ አትደንግጡ። ጤነኛው ሕፃን እንኳ በአንደኛው ደቂቃ በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን 60 ከመቶ ገደማ ነው፤ 90 የሚደርሰው ወደ አሥረኛው ደቂቃ ሲቃረብ ነው። እናንተ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን፣ የልቡም ምት መጨመሩን ተመልከቱ።

ኦክስጅን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያወራብኝ እንዳይኖር። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በልኩ ሊያስፈልገው ይችላል። ሳንባው በሚገባ ተነፍቶለት ልቡ ካልተነሣም ይጨመርለታል። የሳንባ ምች ለያዘው ልጅማ ሕይወቱ ነው። ስለዚህ እናቴ፣ ሲሊንደሩ ይገዛ፤ የሚቆመው ግን በሕፃናት ሕሙማን ክፍል ነው።

ለማዋለጃ ክፍላችን የምንለምናችሁ በእጅ የሚጨመቀውን አምቡ ባግ፣ ለጨቅላ ፊት የሚስማሙ ሁለት ልክ ማስኮችና ደረቅ ጨርቅ ነው። ከዚህም በላይ ለአዋላጆቻችን የልምምድ ጊዜ እንሻለን። ሕፃኑ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ካልተነፈሰ፣ በአንደኛው ደቂቃ ውስጥ ባጉ መጨመቅ መጀመር አለበት፤ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ። ማስኩ ፊቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል። ይህን እጅ እንጂ መጽሐፍ አያስተምረውም፤ እኔ ራሴ ሲሊንደሩን ለመክፈት ስታገል ያባከንኋቸው ደቂቃዎች ዛሬም ይቆጩኛል።

የመለማመጃውን አሻንጉሊት በአዳራሹ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነዋል። ከጸሎቱ በኋላ እዚያ እቆያለሁ፤ ኑና በእጃችሁ ሞክሩት።