የደንበኛ ምስጢርና የገንዘብ ምንጭ
(ቦንጋ ላይ ለጠበቆች የቀረበ ንግግር)



በከፋ ምድር ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን በአባቱ፣ በጎረቤቱና በቡና ማሳው ጭምር ነው። ከዚህም የተነሣ ቢሯችን የገባን ሰው «ገንዘቡን ከወዴት አገኙት?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ሰውን ማወቅና ደንበኛን ማወቅ አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 684 ተደንግጎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 780/2005 ደግሞ ከባንኮች አልፎ ጠበቆችንም ግዴታ ካለባቸው ባለሙያዎች መካከል ቆጠረ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚሁ ጉዳይ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ኢትዮጵያ ከየካቲት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. በፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የክትትል መዝገብ ላይ ቆይታለች፤ እንዲህ ያለው ስም ከውጭ ባንክ ጋር የሚሠራውን ቡና ላኪ ሳይቀር የሚነካ ነው።

ለመሆኑ ሕጉ ጠበቃን ለምን ፈለገው? ያልጸዳ ገንዘብ የያዘ ሰው አጥብቆ የሚሻው ሰነድ ስለሆነ ነው። ውል፣ ውክልናና የመመሥረቻ ጽሑፍ የሚወጡት ደግሞ ከእኛ እጅ ነው። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የአዲሱ ክልል ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ የቤት ሽያጭና የማኅበር ምሥረታ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ቢበዛ የሚያስገርም አይሆንም።

ለምሳሌ አንድ ሰው በዘመዱ ውክልና ቤት ሊገዛ ቢመጣ፣ እውነተኛው ገዢ ማን እንደሆነ፣ ዋጋው ከገበያው ጋር መጣጣሙንና ክፍያው በምን መንገድ እንደሚፈጸም መጠየቅና መልሱን በመዝገብ ማስፈር ይገባናል። እርግጥ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ሁሉ አያጠራጥርም፤ ቡናውን ሸጦ የመጣ ገበሬ የላቡን ዋጋ ይዞ ነው የመጣው። የሚያጠራጥረው ገንዘቡና የባለቤቱ ኑሮ አልመጣጠን ሲሉ ነው።

«ታዲያ ምስጢር የት ሊገባ ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ተከሳሽ ለመከላከያው የሚነግረን ቃል የተጠበቀ ነው፤ ዓለም አቀፉ መመዘኛም ይህንኑ ይቀበላል። ነገር ግን ሽያጭ ስናዋውል፣ የደንበኛን ገንዘብ ስናስተዳድር ወይም ማኅበር ስናቋቁም የምንሠራው ሥራ ሙግት አይደለም። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬያችን መሠረት ካለው ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ማሳወቅ ይገባናል፤ ማሳወቃችንንም ለደንበኛው መንገር የተከለከለ ነው። ወሬ ከገበያ ገበያ በሚደርስበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለምና፣ የቢሮ ጸሐፊዎቻችንም ጉዳዩን ሊረዱት ይገባል።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄውን ለብቻ መጠየቅ ነው። አንዱ ጠበቃ ጠይቆ ደንበኛውን ሲያጣ፣ ሌላው ሳይጠይቅ ከተቀበለው፣ ሕጉ የሚቀጣው ጠንቃቃውን ብቻ ይመስላል። ስለዚህ ሁላችንም መዝገብ ከመክፈታችን በፊት አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቅ ዘንድ በማኅበራችን እንስማማ። ሁሉም ቢሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ሥርዓት ይሆናል፤ በሥርዓት የተጠየቀም ሰው ተዋረድሁ አይልም።