ቲማቲሙ ብርዱን ይልመድ

እሷ፦ ከኮምቦልቻ የቲማቲም ችግኝ ገዝቶ፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ፣ ያኑለት ደሴ ጓሮ መትከል አለ። ሁለት ቀን ሳይቆይ ጥውልግ!

እሱ፦ ውሃ ጠምቶት ነዋ።

እሷ፦ ኧረ ብርዱ ነው! ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ከ2,400 ትበልጣለች። መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

እሱ፦ ታዲያ ጋቢ እናልብሰው?

እሷ፦ እናለማምደዋ! ከመትከል በፊት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ጥላውን ገለጥ፣ ውሃውን ቀነስ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል የጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ።

እሱ፦ የውሃው ነገር አልተዋጠልኝም። እንዳናደርቀው?

እሷ፦ መቀነስ አልኩ እንጂ ማቋረጥ መች አልኩ? ውሃና ጥላ የበዛበት ችግኝ ሽቅብ ይመዘዝና ይልፈሰፈሳል። የለመደው አገዳው ደንደን፣ ቅጠሉም ጠቆር ይላል።

እሱ፦ እሺ፣ ይሁንልሽ። የኅዳር ውርጭስ?

እሷ፦ እሱንማ ለምዶም አይችለው! ማታ ማታ መሸፈን፣ ካልሆነም ውርጩ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። የሚተከለውም ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወደ አመሻሹ ላይ።

እሱ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ! እኔ ቆስጣዬ ይሻለኛል።

እሷ፦ በቆስጣ ስልስ ልትሠራ ነው?