ከስብራት በፊት፦ የትራያል ውድድር ሞተር ብስክሌት ባለቤትነትና እንክብካቤ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ የምናገረው በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ የውድድር ሞተር ብስክሌት ነው። ስሙ ትራያል ይባላል። የሞተር ውድድር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፍጥነትን ነው። በትራያል ግን የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን እግሩን መሬት ሳያስነካ ያለፈ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ እንግሊዝ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ያገለገለ ባለ 250 ሲሲ የትራያል ሞተር ነበረኝ። ማሽንን ስለ መንከባከብ ከመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ እርሱ ነው። የንግግሬም ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ለማሽን ከተሰበረ በኋላ የሚደረግለትና ከመሰበሩ በፊት የሚደረግለት ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ውድድሩ ጥቂት ልበል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መነሻው እስከ 1909 የሚደርሰው የስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያል ዛሬም በየዓመቱ በሜይ ወር፣ በፎርት ዊልያም ከተማ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ይካሄዳል። ተወዳዳሪው በየቀኑ 30 ያህል «ክፍሎችን» ያልፋል። ክፍል የሚባለው በምልክት የተከለለ አጭር መንገድ ነው፤ ድንጋይ የበዛበት የወንዝ መውረጃ፣ ረግረግ፣ ወይም የዛፍ ሥር የወጣበት ዳገት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ከዳር ቆሞ የነጂውን እግር ይመለከታል። መሬት ሳይነካ ያለፈ ዜሮ ይመዘገብለታል። አንድ ጊዜ የነካ 1፣ ሁለት ጊዜ የነካ 2፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የነካ 3፣ የወደቀ ወይም ከምልክቱ የወጣ 5 ይያዝበታል። በመጨረሻ አነስተኛ ድምር ያለው ያሸንፋል።

ለዚህ ውድድር የሚሠራው ሞተር ከምናውቃቸው ሞተር ብስክሌቶች በብዙ ነገር ይለያል። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ ብዙ ጊዜ ነጂው ከሞተሩ ይከብዳል። ነጂው መርገጫው ላይ ቆሞ ስለሚነዳ የረባ መቀመጫ የለውም። የነዳጅ ታንኩ ከ2 እስከ 3 ሊትር ቢይዝ ነው። የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። በሰው እርምጃ ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ እንዳይጠፋ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ የሆነ ፍላይዊል ይገጠምለታል።

ይህ ቅለት በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ሳሚ ሚለር የተባለው ስመ ጥር ነጂ የስኮትላንዱን ውድድር በ1962 እና በ1964 ያሸነፈው በ500 ሲሲ አሪየል ነበር። አሪየሉን ለዓመታት ዕቃ በዕቃ እየፈታ፣ እያቀለለና እያሻሻለ ያዘጋጀው ራሱ ነው። ከዚያም ቡልታኮ ከተባለው የስፔን ፋብሪካ ጋር ሆኖ ሼርፓ የተሰኘውን 244 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር አበለጸገ፤ በ1965ም በእርሱ ያንኑ ውድድር አሸነፈ። ፋብሪካው ከሚለር የፈለገው የመንዳት ችሎታውን ብቻ አልነበረም። የትኛው ዕቃ ለምን እንደተቀመጠ በእጁ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዳኛው አንዲት ነጥብ ሲመዘግብ የሚያየው የነጂውን እግር ነው። እኛ መሐንዲሶች ግን ከዚያች ነጥብ ተነሥተን ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን። እግሩ ለምን ነካ? ሚዛኑን ስለ ሳተ። ሚዛኑን ለምን ሳተ? ብዙ ጊዜ የነጂው ድክመት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መልሱ ያለው ከሁለት ቀን በፊት ጋራዥ ውስጥ ሳይሠራ በቀረው ሥራ ላይ ነው።

ከጎማ እንጀምር። የቤት መኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ ያህል ነፋስ ይሞላል። የትራያል የኋላ ጎማ ግን ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ዓላማው ጎማው ተለጥጦ ድንጋዩን እንዲያቅፍ ነው። በዚህ ልክ ላይ የ2 ፒኤስአይ ስሕተት ከጠቅላላው ግማሽ ያህል ነው። እስከ 100 የሚቆጥር የተለመደው የነፋስ መለኪያ 4ን ከ6 በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ የባለቤቱ የመጀመሪያ ግዢ መሆን አለበት። ጎማው ጥቂት ከጠነከረ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ እግርም ይወርዳል።

ሁለተኛው ፍሪሲዮን ነው። ነጂው በአንድ ጣት ይዞ በየሰከንዱ ይለቀዋል፣ ይይዘዋል። ዘይቱ ተገቢው ዓይነት ካልሆነ ወይም ዲስኮቹ ካለቁ፣ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሞተሩ ነጂው ሳያዘው ወደ ፊት ይሳባል። በመንገድ ላይ ይህ ጉድለት ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ዐለት ጫፍ ላይ ግን ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛው የአየር ፊልትሮ ነው። በልዩ ዘይት የራሰ ስፖንጅ ሲሆን፣ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ወይም ዘይት በዝቶበት ከተገጠመ አየር ያንሳል፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይታፈናል። ዘይቱ አንሶ አቧራ ካሳለፈ ደግሞ ጉዳቱ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃቸዋል።

አራተኛው የኋላውን እገዳ የሚያገናኙት ኩሽኔታዎች ናቸው። ከሻንሲው ሥር ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ወንዝ በተሻገርን ቁጥር ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ግራሶው ከታጠበ ይዝጋሉ፤ ከዛጉ ጎማው የመሬቱን ቅርጽ አይከተልም። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሞተሩን ከፍ አድርጎ አቁሞ የኋላ ጎማውን በእጅ ማንሣት። አሞርዛተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት «ቀጭ» የሚል ነገር ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የትራያል ሞተር ባለቤት ከውድድር ሲመለስ የሚሠራው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። የማርሚታውንና የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ከዚያ ያጥባል። በኃይል የሚወጣ ውኃ ግራሶውን ስለሚገፋው ወደ ኩሽኔታዎች አያነጣጥርም። ሞተሩ በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተሩ ነው፤ በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ከቀረ ቬንትሌተሩ በከንቱ ይዞራል። ከዚያም ፊልትሮውን ያጥባል፤ ካቴናውን አጽድቶ ይቀባል፤ ቅባቱ የፍሬን ዲስክ ላይ እንዳይፈናጠቅ ይጠነቀቃል። ቸርኬውን የያዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ ነካ ነካ እያደረገ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ የላላው ድምፁ ይደነቁራል። በመጨረሻ ቡሎኖቹን በሙሉ በመፍቻ ይዳስሳል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም።

መጽሐፍ ማንበብን የሚጠይቁ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው የባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ፋብሪካው 80 ለ 1 ካዘዘ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 62.5 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በግምት ዘይት ያበዛ ሰው ለሞተሩ ያዘነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር ትርፉን ዘይት ስለማያቃጥለው ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም ይዘጋል። ዘይት ያሳነሰ ደግሞ ፒስተኑ ይነክስበታል። ሁለተኛው በፍሬንና በፍሪሲዮን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። አንዳንዱ ዶት 4 የሚባለውን ይፈልጋል፤ አንዳንዱ የማዕድን ዘይት ይፈልጋል። አንዱ በሌላው ቦታ ከተጨመረ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ ተጽፎአል፤ የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው።

ያገለገለ ሞተር ለሚገዛም ይኸው ዕውቀት ገንዘቡን ያድንለታል። የታጠበና የተወለወለ አካል ብዙ አይነግረንም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በስንት ምት እንደሚነሣ፣ በመርገጫዎቹ አካባቢ ሻንሲው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ የፊልትሮው ቤት ውስጠኛ ግድግዳ አቧራ ይዞ እንደሆነ ማየት ይሻላል። ከሁሉም በላይ የሚታመነው ደብተር ነው። የትራያል ሞተር ዕድሜ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ይለካል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ዘይት የለወጠበትን፣ ፒስተን የቀየረበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። ሻጩ ደብተር ካለው ዋጋው ጥቂት ቢጨምር አልከራከርም።

ወደ ስኮትላንዱ ውድድር አንድ ጊዜ ልመለስ። በዚያ ውድድር ሞተሮቹ ማታ ማታ ተሰብስበው በተጠበቀ ሥፍራ ይቆለፋሉ፤ ሌሊት ማንም አይነካቸውም። ነጂው ጎማ ሊለውጥ ወይም ፍሬን ሊያስተካክል ቢፈልግ ከውድድሩ ሰዓት ላይ ቀንሶ ነው የሚሠራው። በመሆኑም እንክብካቤ ከውድድሩ ውጭ ያለ የረዳት ሥራ ሳይሆን የውድድሩ አንድ አካል ሆኖ ተቆጥሯል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ማድረጋቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ማሽኑን የማያውቅ ሰው ማሽኑን በሚገባ ነዳው ማለት ያስቸግራልና።

በቋንቋችን «ጠገነ» የሚለው ግሥ የተሰበረ አጥንት አስሮ ማዳንንም ይመለከታል፤ ወጌሻ ይጠግናል። ቃሉ ራሱ ስብራትን አስቀድሞ ያስባል። ለዚህም ይሆናል ጥገና ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው አንድ ነገር ቆሞ፣ መካኒክ ተጠርቶ፣ መለዋወጫ ተፈልጎ የሚሠራው ሥራ የሆነው። በጊዜው ሳይቀየር በቀረ ርካሽ ፊልትሮ የተነሣ ውድ ጄኔሬተር ሲቆም ያላየ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ያ ጄኔሬተር የቆመው የሚጠግነው ሰው ስለ ጠፋ አይደለም። በደህናው ቀን ከፍቶ ማየት የማንም ሥራ ሆኖ ስላልተቆጠረ ነው።

ለተማሪዎቻችን ማሽን እንዴት እንደሚነደፍ እናስተምራለን፤ መካኒኮቻችንም የተሰበረውን በሚያስደንቅ ብልሃት ይጠግናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ግን ባለቤት አጥቷል። ስለዚህ ለፋኩልቲያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በቤተ ሙከራችን ላለው ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ይከፈትለት፣ ለደብተሩም ስሙ የተጻፈ አንድ ተማሪና አንድ የቴክኒክ ባለሙያ ኃላፊ ይሁኑ። የሠራበት ሰዓት፣ የተለወጠ ዘይት፣ የታጠበ ፊልትሮ ይጻፍበት። ተማሪው ሲመረቅም ደብተሩ እንደ ማንኛውም የተግባር ሥራ ውጤት ይሰጠው።

ይህ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በትራያል ንጹሕ ያለፈ ነጂ የሚመዘገብለት ዜሮ ነው፤ በደንብ የተያዘ ማሽንም ዓመቱን ሙሉ የሚወራ ነገር አይኖረውም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው በመካከላችን ሲገኝ ግን አይተን እናመስግነው።

 ጥያቄ ላላችሁ ዕድሉን እሰጣለሁ።