«አንተ» አለ፤ «እኔ»ስ?

ዛሬ ስለ አንድ ፖስተር ላወራችሁ ነው። አስቀድሜ ግን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለወጣቶች አንድ ፖስተር ሠርቼ ነበር። ትልቅ ጣት ወደ ተመልካቹ ተቀስሮ «አንተ! ተጠንቀቅ!» ይላል። በጣም ኮርቼበት ነበር። አንድ ልጅ ፊቱ ቆሞ አየውና «እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ብሎኝ ሄደ። አራት ዓመት ሶሲዮሎጂ ስማር ያልገባኝ ያን ቀን ገባኝ፤ የተወነጀለ ሰው ጆሮውን ይዘጋል።

አሁን ወደ ፖላንድ እንሂድ። ፖላንዶች በፖስተር የታወቁ ሕዝቦች ናቸው። በዋና ከተማቸው በዋርሶ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ የፖስተር ሙዚየም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለተካሄደው ምርጫም ቶማሽ ሳርኔትስኪ የተባለ የሥነ ጥበብ ተማሪ፣ የፊልም ተዋናዩን ጋሪ ኩፐርን በሽጉጥ ፈንታ የምርጫ ወረቀት አስይዞ የሠራው ፖስተር እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል።

የዘመናችን ሰው ደግሞ ሉካ ራይስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 የፖላንድ ፓርላማ የፍርድ ቤቶችን ነፃነት የሚነኩ ሦስት ሕጎችን ሲያጸድቅ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። በሰልፈኛው እጅ የራይስኪ ፖስተር ነበር። የተጻፈበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ኮንስቲቱትስያ»፣ ሕገ መንግሥት ማለት ነው። የጠላት ፊት የለበትም፣ የተቀሰረ ጣት የለበትም። ብቻ ከቃሉ ውስጥ «ቲ» እና «ያ» በተለየ ቀለም ጎልተው ይታያሉ። በፖላንድኛ «ቲ» አንተ ወይም አንቺ፣ «ያ» ደግሞ እኔ ማለት ነው።

አያችሁ? ራይስኪ አዲስ ቃል አልፈጠረም። «አንተ» እና «እኔ» ድሮም እዚያው ቃል ውስጥ ነበሩ፤ እሱ ገልጦ አሳየ። ፖስተሩንም ማንም ሰው በነፃ እንዲያትመው ለቀቀው። ከዚያማ ቲሸርት ላይ ሳይቀር ወጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሌክ ቫዌንሳ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት በጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ቀብር ላይ ያንኑ ቃል የያዘ ቲሸርት ለብሰው ተገኝተዋል።

«ታዲያ ፖስተሩ ሕጎቹን አስቀረ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ። ከሰልፎቹ በኋላ ፕሬዚዳንት ዱዳ ከሦስቱ ሕጎች ሁለቱን አልፈርምም አሉ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሻሽለው ሲቀርቡላቸው ፈረሙ። ፖስተር ብቻውን ሕግ አያስቀርም። ነገር ግን «ይሄ የዳኞች ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ለሚል መንገደኛ፣ ጉዳዩ ውስጥ እሱም እንዳለበት በአንድ ቃል ይነግረዋል።

የእኔ ፖስተር ላይ «አንተ» ነበረበት፤ «እኔ» ግን አልነበረሁበትም። ከላይ ቆሜ ነበር የምናገረው። ልጁም ያወቀብኝ ይመስለኛል።

እናንተም ብሩሽ ስታነሱ ይህንን ጠይቁ፦ ያ መንገደኛ ራሱን ያገኝበታል? እኔስ አለሁበት?